ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ የማን አማና ነው?



በይፋት ቆላ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ልጁ የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ተፈትኗል፤ አልፏልም። የተማረበት ትምህርት ቤት በመዝገቡ «አጠናቀቀ» ብሎ ጽፎ አሰናብቶታል። በመስከረም ሊቀበለው የሚገባው የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ስሙን ሰምቶ አያውቅም፤ ያልተመዘገበን ተማሪ «ቀረ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። እንግዲህ ልጁ በአንዱ መዝገብ ጨርሷል፣ በሌላው አልጀመረም። በሁለቱ መዝገቦች መካከል ገብቶ ጠፍቷል፤ ጠፋ ብሎ የሚፈልገው ግን የለም።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይህ ልጅ የማን አማና ነው የሚል ነው።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ደጋው ሲያልቅ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከተማዋ አስፋልቱን ይዛ ተዘርግታለች፤ የአካባቢው ገበሬ ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ በተራራው እግር ሥርና ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ይኖራል። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ያመርታል፤ ውኃ ያገኘ በመስኖ ሽንኩርት ይተክላል። አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚሰማበት አገር ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ገጠሩ ቀበሌ ገብቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ሁለተኛ ደረጃው ግን በአብዛኛው ከተማ ላይ ቀርቷል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፣ መካከለኛውን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛውን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አድርጎ ከፋፍሎታል። አከፋፈሉ ቢለወጥም የገጠሩ ልጅ ከእናቱ ቤት ወጥቶ የሚሻገረው ደፍ ያው 9ኛ ክፍል ነው።

ደፉን ከፍ የሚያደርገው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ወቅቱም ነው። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። የቆላው ማሽላ በዚያን ጊዜ ፍሬ እየያዘ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ግሪሳ ወፍ በመንጋ ይወርድበታል። ግሪሳ የወረደበትን ማሳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ያልቃል። ስለዚህ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮህ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስምንተኛን የጨረሰው ልጅ ነው። ይህም የሚሆነው አባቱ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ማሽላው ካልተጠበቀ ልጁ ለስንቅ ይዞት የሚሄደው ዱቄትም አይኖርምና ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወባው ይነሳል። አጨዳው አልቆ ኅዳር መጨረሻ ላይ «አሁን ልሂድ» ቢል ክፍሉ ከሁለት ወር በላይ ተምሯል። ተለማምጦ ቢገባ እንኳ ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል፤ የሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና። በቤቱ አርጎብኛ ወይም አማርኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ሊሰማ ይቀመጣል። ስላልገባው ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን ደግሞ ሰነፍ ነው ይሉታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። አጣዬ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ልጁን ወደ ከተማ ለመላክ ያመነታ ወላጅ ሁሉ ኋላ ቀር ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። የፈራው የሚያስፈራ ነገር ስላየ ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቶሎ የሚመጣልን መልስ «የመንግሥት ነው» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ገበሬውም ነጋዴውም ግብር የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ መንግሥትን መጠየቅም መብታችን ነው። ሆኖም መንግሥት ትምህርት ቤቱን ይሠራል እንጂ ማሽላውን አይጠብቅለትም፣ ከተማ ውስጥ ማደሪያ አይከራይለትም። ሁለተኛው መልስ «የወላጅ ነው» የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙው የገጠር ወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ምዝገባው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚዘጋ የሚነግረው የለም። ሁለቱም መልሶች ትክክል ሆነው ሳለ ልጁ ግን እንደጠፋ ነው።

ዑለማዎቻችን የጋራ ግዴታን ፈርዱል ኪፋያ ይሉታል። ምሳሌው የጀናዛ ነገር ነው። ከመካከላችን የተወሰኑት ሬሳውን አጥበው፣ ሰግደው ከቀበሩ የሌሎቻችን ግዴታ ይነሳል፤ ማንም ካልቀበረው ግን ሁላችንም እንጠየቃለን። ብዙ ሰው ፈርዱል ኪፋያን በጀናዛ ብቻ ያውቀዋል። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ግን «ኢሕያእ ዑሉሚ ዲን» በተባለው ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። እንዲያውም በዘመናቸው ሙስሊም ሐኪም የሌለባቸው ከተሞች እንደነበሩና ሰዉ ግን ወደ ፊቅህ ክርክር ብቻ ይጋፋ እንደነበር አዝነው ጽፈዋል። ሐኪም የሚሆነው ልጅ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ 9ኛ ክፍል ገብቶ ነው።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጀናዛ ይታያል። ሰው ሲሞት ለቅሶው ይሰማል፣ መንደሩ ይወጣል። ስምንተኛን ጨርሶ የቀረ ልጅ ግን አይታይም፤ ማማ ላይ ነው፣ ወይም ከብት ይጠብቃል፣ ወይም የቀን ሥራ ገብቷል። ታዲያ «አላወቅንም» ማለት ከግዴታው ያድነናል? በዚህ ላይ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ብለዋል። ኢማም አን-ነወዊም ጽፈውታል። የጋራ ግዴታው ሳይፈጸም ሲቀር ወንጀሉ የሚመለከተው አውቆና ችሎ የተወውን ብቻ አይደለም፤ ባያውቅም ለቦታው ቅርብ የነበረውንና መጠየቅ ይገባው የነበረውን ሰው ጭምር ነው። አላወቅሁም የሚል ሰው በመጀመሪያ ለምን አልጠየቅህም ይባላል ማለት ነው።

ቅርቡ ማነው? በርቀት ከሄድን የመንደሩ ሰው ነው። ነገር ግን ይፋት ተወልዶ አዲስ አበባ የሚነግድ፣ በየዒዱ አገሩ የሚወርድ፣ የወንድሙን ልጆች ስም አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰውስ ሩቅ ነው? እኔ አይመስለኝም።

መጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ታሪክ እንመልከት። በታሪክ ኪታቦች እንደሚተረከው አቡ ዩሱፍ የድኻ ልጅ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ከሐልቃው አውጥቶ ሥራ ሊያስይዛቸው ፈለገ፤ እርሳቸውም ቀሩ። ኢማሙ ያ ልጅ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ምክንያቱን ሲሰሙ ገንዘብ ሰጡት፤ ሲያልቅም ሳይጠይቃቸው ይጨምሩለት ነበር ይባላል። ያ ልጅ በኋላ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ ሆነ። ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ የኢማሙን ቸርነት እናወሳለን። ከገንዘቡ በፊት የመጣው ግን መጠየቃቸው ነው። የቀረ ተማሪ መቅረቱን ያወቀ አስተማሪ ባይኖር ኖሮ ኪሱ ለማንም አይፈታም ነበር።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ የነበሩት የሱፋ ሰዎች ቤትና ዘመድ ያልነበራቸው ተማሪዎች ነበሩ፤ ሰሓቦች እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው ወደ ቤታቸው እየወሰዱ ያበሏቸው ነበር። የወሎና የይፋት ደረሳም የኖረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ኪታብ ሊቀራ ከሩቅ አገር የመጣን ደረሳ የመንደሩ እናቶች ከሌማታቸው ያካፍሉት ነበር፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው ጎሣ ነህ ሳይሉ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ጎዜን የመሰሉ ጥንታዊ መስጊዶች ያሉበት አገር ይህን የሚያውቀው ከአያቶቹ ነው። ከዚህም ርቆ ይሄዳል። የጥንት የዐረብ ጸሐፍት ይፋትን ጀበርት ከሚለው ስም ጋር አያይዘው ያነሱታል፤ ከዚያ አገር ተነስቶ ካይሮ ለደረሰ ተማሪ በአዝሀር መስጊድ ውስጥ «ሪዋቁል ጀበርት» የተባለ ማደሪያ ነበረው። የግብጽን ታሪክ የጻፉት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጋቸው ከዚያ አገር በሄደ ተማሪ ይጀምራል፤ ቤተሰባቸውም የሪዋቁ ሹም ነበር። ልብ በሉ፤ ሪዋቅ ማለት ዕውቀቱ አይደለም። ዕውቀቱ ከመስጊዱ ዓምድ ሥር ነው የሚሰጠው። ሪዋቅ ማለት ማደሪያና የዕለት ዳቦ ነው። አባቶቻችን ያለ ማደሪያና ያለ ዳቦ ከአንዱ የትምህርት ደረጃ ወደ ሌላው መሻገር እንደማይቻል ገብቷቸው ነበር። ከይፋት ካይሮ ድረስ የተሻገረ ተማሪ ማደሪያ አግኝቶ፣ ዛሬ ከቆላው ቀበሌ ሸዋ ሮቢት የሚመጣ ልጅ ማደሪያ ያጣል።

«ዘመድ አለው አይደለም?» የሚል ይኖራል። የዘመድ ቤትን ነገር ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙ የተሸሸገ ነገር ያለው እዚያ ነውና። ልጅቱ ከገጠር ትመጣለች፤ አጎቷ ወይም የአባቷ የአጎት ልጅ «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ» ብሎ ተቀብሏታል። ቤቱ ውስጥ ሕፃናት አሉ፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ልብስ ይታጠባል። መጀመሪያ «እገዛ» ነው። ቀስ በቀስ ጧት የምትነሳው ከሁሉ ቀድማ፣ የምትተኛው ከሁሉ በኋላ ይሆናል። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ሌላው ግማሽ ቀን የሥራ ነው። ፈተና ሲደርስ እንግዳ ይመጣል። እርሷ ደግሞ ተበድያለሁ ማለት አትችልም፤ የበላችበት ቤት ነው። አባቷም ቢሰማ ዝም ይላል፤ ዘመድ ማስቀየም ይፈራል። በዓመቱ መጨረሻ ስትወድቅ «አስተማርናት፣ ጭንቅላት የላትም» ይባላል። የቤት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ ደመወዝ ይከፈላት ነበር። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ ስለሚበሉ ሰዎች የተናገረውን የምናውቅ ሰዎች፣ የልጅን ጊዜ መብላትስ ምን እንደሚባል እንጠየቅ ይሆን? እርግጥ ዘመድ ሁሉ እንዲህ አይደለም። አልጋውን ለቅቆ የራሱ ልጅ መሬት ላይ ተኝቶ የሰው ልጅ ያስተማረ አለ፤ አላህ ይውደደው። ነገር ግን አማና በዘመድነት ብቻ ሳይጠየቅ የሚተው ነገር አይደለም።

ሌላው ደግሞ የደላላው ጉዳይ ነው። ትምህርት ያልቀጠለው ወጣት የሚሄድበትን መንገድ እናውቀዋለን፤ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። ልጃገረዶቹም ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ። ሳውዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሳለች። ለዚህ ጉዞ በሬ ይሸጣል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ብድር ይገኛል። ለደላላ የተገኘው ገንዘብ ለአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ለምን ታጣ? መልሱ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለደላላውም ባልተገኘ ነበር። ደላላው መንደሩ ድረስ ስለሚመጣ ነው፤ የልጁን ስም ጠርቶ ስለሚጠይቅ ነው። መጠየቁን ከእኛ ቀድሞ እርሱ ያዘው።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። ለእንዲህ ያለ ልጅ ዘካ ይሰጣል ወይ? ዘካ የሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ተዘርዝረዋል። አንዳንዱ «መንገደኛ ነው» ብሎ ሊያስገባው ይሞክራል። መንገደኛ የተባለው ግን ከገንዘቡ ተለይቶ መንገድ የቀረ ሰው ነው፤ ይህ ልጅ አገሩም ላይ ገንዘብ የለውም። ስሙን ማጣመም አያስፈልግም፤ ፈቂር ነው። ኢማም አን-ነወዊ ሠርቶ መብላት የሚችል ሰው የሸሪዓ ዕውቀት ሲማር ሥራው ከትምህርቱ የሚያቋርጠው ከሆነ ዘካ መውሰድ እንደሚፈቀድለት ጽፈዋል። ይህን ወደ ሌላውም ጠቃሚ ዕውቀት ያሰፉ የዘመናችን ዑለማዎች አሉ፤ ያላሰፉም አሉ። በዚህ ላይ ፈትዋ መስጠት የጋዜጣ ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ዘካን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ማዛወርም ውይይት አለው። በሻፊዒያ ዘንድ የሚታወቀው ባለበት አገር ድኻ እያለ እንዳይወጣ ነው፤ ሐነፊያ ደግሞ ለዘመድና ይበልጥ ለተቸገረ ይፈቅዳሉ። መርካቶ ያለ የይፋት ነጋዴ ከአርባ አንዱን ሲያወጣ ይህን ሊያስብበት ይገባል። የቆላው ገበሬ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ዝናብ ካጠጣው ማሽላ ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ካበቀለው ከሃያ አንድ፣ ኒሳብ ሲሞላ ያወጣል፤ ፈቂሩም እዚያው ጎረቤቱ ነው።

ዘካው ቢጠብብን እንኳ ሰደቃና ወቅፍ አልጠበቡም። እዚህ ላይ ከተማ ያለነውን የሚመለከት አንድ ነገር ልናገር። በረመዳን በየነጋዴው በር ሰልፍ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ጥቂት ብር ይታደላል። ማንንም አይጎዳም፤ ማንንም ግን ከነበረበት አያነሳም። የዚያው ነጋዴ ሰደቃ በአንድ ላይ ተይዞ ከመስጊድ አጠገብ አራት ክፍል ቤት ቢሆን፣ ወቅፍ ተብሎ ቢጻፍ፣ በየዓመቱ 9ኛ ክፍል የሚገቡ የገጠር ልጆች ቢያድሩበት፣ ሰውየው ከሞተም በኋላ አጅሩ አይቋረጥም። ለሚናራ የሚሰጥ እጅ ለማደሪያ ለምን እንደሚያጥር አይገባኝም፤ ሚናራ ከሩቅ ስለሚታይ ይሆን? ሰደቃው ለጎረቤት ክርስቲያን ልጅም ቢተርፍ ዲናችን አይከለክልም። ይፋት ላይ የጎረቤትን ሐቅ ማስታወስ ዛሬ ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል።

«የአስኮላ ትምህርት ዲኑን ያስጥለዋል» የሚሉ አባቶች ዛሬም አሉ። በቀላሉ ልናልፋቸው አይገባም። በንጉሡ ዘመን ስማቸውን ለውጠው የተማሩ ሰዎች እንደነበሩ አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ፤ ብዙ ሙስሊም ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያራቀው በዚህ ፍርሃት ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች የደረሰባቸውም ፍርሃቱ መሠረት የሌለው እንዳልሆነ አሳይቷል። ነገር ግን ልጁን ማራቁ ያመጣውን አይተናል፤ ያኔ ያልተማረው ትውልድ መብቱን የሚጽፍለትና የሚሟገትለት ሰው ፍለጋ የሰው በር ሲጠና ኖሯል። በበድር የተማረኩት መጻፍ የሚያውቁ ቁረይሾች አሥር አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነጻ እንደወጡ በሲራ ተጽፏል። ሙሽሪክ ያስተማረው ፊደል ነው ብሎ የጣለ የለም። ልጁን ዲኑን የሚያስጥለው ፊደሉ ሳይሆን ብቻውን መሆኑ ነው። በኪራይ ቤት ብቻውን ከሚያድር ልጅ ይልቅ፣ ከመስጊድ አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር አድሮ ሱብሒን በጀመዓ የሚሰግደው ዲኑን ይይዛል።

ሌሎች ደግሞ «ተምሮስ ምን ያመጣል?» ይላሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያሳዝናል። ነገር ግን ያን ያህል ሰው የወደቀው በ12ኛ ክፍል አይደለም፤ እንግሊዝኛው ሳይገባው ዘጠነኛን ያለፈ ጊዜ ነው የወደቀው። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች ክረምት ላይ አገራቸው ሲገቡ በየመስጊዱ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የተያዘው ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነው። ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛን ለሚጠብቀው ልጅ ቢዞር ይሻላል፤ እርሱ ክረምቱን በሙሉ መጽሐፍ አይነካምና።

የጠፋውን ልጅ የሚያገኘው ማን ነው? በመንደሩም በከተማውም ያለ አንድ ቤት አለ፤ መስጊድ ነው። የመንደሩ ኢማም ውጤት ከወጣ በኋላ ባለው ጁሙዓ ከኹጥባው ቀጥሎ «ዘንድሮ ስምንተኛን ያለፉ ልጆች እነማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አባቶች አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ይናገራሉ። ስሙ ተጽፎ ሸዋ ሮቢት ላለው ጀመዓ ይደርሳል። ግሪሳውን ለመጠበቅ የልጅ እጅ የሚያስፈልገው ቤት ካለ ደቦ አለ፤ ጎረቤት ሁለት ወር ቢፈራረቅ ልጁ በጊዜው ይመዘገባል። መስከረም ላይ የከተማው ሰው ወረቀቱን አይቶ ያልመጣውን ይጠይቃል። ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ሥራ አይደለም፤ ቢሮም ማኅተምም አያስፈልገውም።

ወንዶቹ እንዲህ ይሻገሩ ይሆናል። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ በሶና ቆሎ እየያዙ፣ ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጡ እየተመለሱ የተማሩ ብዙ ናቸው። የሴቶቹ ግን በዚህ አያልቅም። አባት ልጁን ማንም በማይጠብቀው ኪራይ ቤት አያሳድራትም፤ አያሳድራት ብሎ የሚፈርድበትም የለም። ለእርሷ ክፍሉ ብቻ አይበቃም፤ የበሩን ቁልፍ የምትይዝ፣ ማታ ገብታችኋል ወይ ብላ የምትቆጥር፣ አባት ሄዶ ሻይ ጠጥቶ አምኗት የሚመለስ እናት ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ቤቱ የሰፋባቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው እናቶች አይታጡም። ሄዶ «እመት፣ አራት ልጆች እንስጥዎት፣ ስንቃቸው ከእኛ» የሚላቸው ሰው ይፈለጋል። መስከረም ከመጥባቱ በፊት፣ ነሐሴ ላይ።